ቆጠራ ሲባል የሚነሳ ሰው

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ቃል ነው። በመጨረሻው መንፈቅ ዓመት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ፣ ወጣቱ የስታቲስቲክስ መምህር ወደ አዳራሹ ገባ፤ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም እጆቹን አንድ ጊዜ ጧ አድርጎ አጨበጨበ።

«ቆጠራ!» አለ።

የአዲሱን ምዕራፍ ርዕስ መጥራቱ ነበር። ከሦስተኛው ረድፍ ጫፍ የተቀመጠው፣ ጢሙን ሽበት የጀመረው ሰው ግን ቃሉ ገና አየር ላይ ሳለ ተፈናጥሮ ተነሳ። እግሮቹን ገጠመ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ባዶውን ግድግዳ ትክ ብሎ ማየት ያዘ።

«አቤት ጋሼ፣ ጥያቄ አለዎት?» አለ መምህሩ ግራ ተጋብቶ።

«የለኝም።»

«ታዲያ ምነው ተነሱ?»

ሰውየው የት እንዳለ ያወቀው ይሄኔ ነው። «ወገቤን… ወገቤን ትንሽ ይዞኝ ነው» አለና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ከፊቱ የተቀመጠች ምላሰ ፈጣን ተማሪ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ወገብ የያዘው ሰው እንዲህ ሲነሳ አይቼ አላውቅም» አለች ሁሉም እየሰማት። «እኚህ ሰው ወታደር ናቸው! ማዕረግዎ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ሻለቃ ናቸው፣ ሻለቃ!» አለ ሌላው ከኋላ።

አዎም አላለ፤ አይደለሁምም አላለ። የክፍለ ጊዜው ማብቂያ ሲደርስ ግቢው ውስጥ አንድ አዲስ ሻለቃ ተሹሞ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በሕይወቱ መሣሪያ ጨብጦ አያውቅም። የጨበጠው የከባድ መኪና መሪ ነው። ከሻለቃነቱ በፊት የነበረው ቅጽል ስምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ለብዙ ዓመታት በኖረበት ማረሚያ ቤት ሁሉም የሚጠራው «መሪ» እያለ ነበር። አዲስ ገቢ ታራሚዎች ስሙን ሲሰሙ የግቢው አለቃ እየመሰላቸው ወንበር ይለቁለት ነበር፤ ነባሮቹም «የምን አለቃ? የመኪና መሪ ነው! ተቀመጥ ዝም ብለህ!» እያሉ ይስቁባቸዋል።

ወደዚያ ያደረሰው አንድ ጥፋት ነው። እንቅልፍ ሳይጠግብ መኪናውን ባስነሳበት አንድ ማለዳ፣ ድልድይ ላይ ዓይኑ ለቅጽበት ተከደነ። ሲገለጥ በብስክሌት ወደ ሥራው ይጓዝ የነበረ ሰው ሕይወት አልፎ ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለት በቀር የተከራከረው ነገር የለም። ያንን ሰው አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም፤ ይህ ታሪክም ሊያስረሳው የተጻፈ አይደለም።

በማረሚያ ቤቱ ግቢ ጠዋትና ማታ ፖሊሱ በረንዳው ላይ ብቅ ይልና «ቆጠራ!» ይላል። ያን ጊዜ የተኛው ይነሳል፣ የሚላጨው በአረፋው ይቆማል፤ ሁሉም በአምስት በአምስት ይሰለፋል። ቁጥሩ ከተመዘገበው ጋር ከገጠመ ፖሊሱ «ልክ ነው!» ይላል። «ልክ ነው» እስኪባል ድረስ ግን የሚቀመጥ፣ የሚስል፣ እጁን ከኋላው የሚፈታ የለም። እግር ራሱ ቃሉን እስኪለምድ ድረስ እንዲህ ተኖረ። መሪም ከእስር ሲፈታ እግሮቹ አብረውት እንዳልተፈቱ ያወቀው ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነው።

ዩኒቨርሲቲው በማረሚያ ቤቱ ውስጥ የዲግሪ ትምህርት ሊጀምር ነው የተባለ ዕለት፣ ግማሹ ታራሚ ወሬ ነው ብሎ አልፎት ነበር። ወሬ አልነበረም። አንዲት የሒሳብ መምህርት ክንዷ ሥር ጥቅል ወረቀት ይዛ መጣች። የተሰጣት ክፍል ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንጨት የሚሠራበት ስለነበር ወለሉ ላይ የመጋዝ ብናኝ ነበር፤ ሰሌዳውም ጥቁር ቀለም የተቀባ ሳንቃ ነው። አንድ ስሌት ጻፈችና ዞረች።

«ይህን ማን ይፈታልኛል?»

ከኋላ «ረጅሙ» የሚባለው፣ እውነትም ሲቆም በሩን የሚያክል ታራሚ፣ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ እኛን ማን ይፈታናል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እንኳ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። መምህርቷ ግን ዓይኗን አላሸችም። «እናንተን መፍታት የእኔ ሥልጣን አይደለም» አለች። «ይቺን ከፈታችሁ ግን ዛሬ ከዚህ ክፍል ቢያንስ አንድ የተፈታ ነገር ይወጣል።»

መሪ ያን ቀን ፈታት። ደረቱ ውስጥ ቁልፍ የዞረ ያህል ተሰማው። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። ከረጅሙና በዚያው ግቢ ፀጉር አስተካካይ ከነበረው ጓደኛቸው ጋር ሆነው አንዲቱን የሒሳብ ማስሊያ በተራ ይጠቀሙ ነበር፤ ባትሪዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሞቋታል፣ ጨርሳ ስትሞት በእጃቸው ያሰላሉ። በተበታተኑ ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ማስገባት የተማረ ዕለት ደግሞ መሪ ከደስታው ብዛት መሬት አልበቃችውም። «መንገድ እኮ ነው!» እያለ ጮኸ። «ነጥቦቹ መንደሮች ናቸው፤ መስመሩ በሁሉም አጠገብ የሚያልፍ መንገድ ነው! በዚህ እኮ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳበት ነበር!»

«አደራ፣ እዚህኛው ላይ ደግሞ እንዳትተኛ» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ኖሮ ያጣላ ነበር። እነሱ ግን እርስ በርስ እንዲህ የሚነጋገሩ ሰዎች ነበሩ።

ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ መንፈቅ ዓመት ሲቀረው በአመክሮ ተፈታ። ሰው ሲፈታ ሲዘል እንጂ ሲያዝን አይታይም፤ መሪ ግን የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ገብቶ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ «ጌታዬ፣ መንፈቅ ዓመቱ እስኪያልቅ ብቆይ አይቻልም?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ኃላፊው፣ «እዚህ አልጋ የያዝክበት ሆቴል መሰለህ እንዴ? ውጣልኝ!»

ታሪኩ በግቢው ሲሰማ ሳምንቱን ሙሉ ጥርስ አላስከደነም። መምህርቷ ግን አልሳቀችም፤ የፕሮግራሙን ደንብ አገላብጣ በዋናው ግቢ፣ ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር እንዲጨርስ አስፈቀደችለት። ደንቡ ለተፈቱ ተማሪዎች የሚሰጠው አንድ መንፈቅ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ ካላለፈ ያ ሁሉ ዓመት ዲግሪ ሳይሆን ትዝታ ሆኖ ይቀራል።

በዚሁ ዓመት ሴት ልጁ ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ተቀላቀለች፤ አንደኛ ዓመት። ጠዋት ጠዋት አባትና ልጅ በአንድ አውቶቡስ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይሄዳሉ። መሪ የሹፌሩን አነዳድ በዓይኑ እየተከታተለ ፍሬኑን በራሱ እግር ይረግጣል። «አባዬ፣ ወለሉን ልትበሳው ነው» ትለዋለች።

እንዲህ ደስታው ሞልቶ ሳለ አንድ ነገር ያሳስበው ነበር። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የልጁ ጓደኞች «አንቺ የሻለቃ ልጅ ነሽ አይደል?» ሲሏት ሰማ። ልጁ ፈገግ ብላ ወሬውን ቀየረች። መሪም እንዲህ ሲል ደመደመ፦ ልጄ ታፍራለች፤ እንግዲህ ሻለቃ ሆኜ ልመረቅላት።

ችግሩ ይህ ውሳኔ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር መጋጨቱ ነበር። ጽሑፉ የሚጠይቀው፣ በእጅ የሚደረግ የሰው ቆጠራ ስህተት የሚፈጠረው የት ላይ ነው? የሚል ነው። ማረሚያ ቤት ሳለ የክፍሉ ተጠሪ ስለነበር ከፖሊሱ ጎን ቆሞ ያስቆጥር ነበር፤ ቆጠራው በተሳሳተ ቁጥር ሁሉም ቆሞ እንደገና ይጀመራል። ለምን ይሳሳታል? በአስተዳደሩ ፈቃድ፣ በመምህርቷ አማካሪነት ለዓመታት ሲመዘግብ ቆየ። ብዙዎች እንደሚገምቱት ጥፋቱ የችኮላ አልነበረም። ስህተቱ የሚበዛው አምስት ሰው ያልሞላው የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በተወሰኑ ቀናት ነው። መሪ ግን ማረሚያ ቤቱን «አንድ ተቋም»፣ ቀናቱንም «ልዩ ቀናት» ብሎ ሸፋፈናቸው።

መምህርቷ ረቂቁን አንብባ ብዕሯን አስቀመጠች። «‹አንድ ተቋም› ማለት ምንድን ነው?»

«ተቋም ነዋ፣ ቲቸር።»

«የውጭ ፈታኙ ቢጠይቁህስ?»

«አይጠይቁም ይሆናል።»

«ይጠይቃሉ። ስማኝ፤ ስለ ራስህ መናገር አለመናገር የራስህ ጉዳይ ነው። ስለ መረጃህ መናገር ግን ግዴታህ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ነገር ይዘህ ብትቀርብ ይጥሉሃል። ይቅርታ አድርግልኝና እኔም እጥልሃለሁ።»

መሪ ግን የልጁ ፈገግታ በዓይኑ ላይ መጣበትና ረቂቁን እንዳለ አስገባው።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ልጁ ቤት ውስጥ ሦስት ወንበር ደርድራ በየአንዳንዱ ላይ ትራስ አቆመች። «እነዚህ ፈታኞች ናቸው። ጀምር።»

መሪ ሸሚዙን አስተካክሎ ትራሶቹ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ፍርድ ቤት…»

ልጁ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። «አባዬ! ይግባኝ ልትጠይቅ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን ላድርግ! ሦስት ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ሳይ አፌ ራሱ ይለዋል።»

«አንዱን ትራስ ላንሳልህ?»

«ተይው፣ ነገ የሚያነሳልኝ የለም።»

እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ክቡር ፍርድ ቤት አለ፤ በመጨረሻ ተሳካለት። ልጁ የጽሑፉን ገጾች ስታገላብጥ ቆየችና ቀና አለች። «እዚህ ጋ ‹ልዩ ቀን› የምትለው ምንድን ነው?»

«ልዩ ቀን ነዋ።»

አተኩራ አየችው። ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

የፈተናው ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ ደብዘዝ ብሏል፤ ፕሮጀክተሩ ጣሪያው ላይ ያንጎራጉራል። ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ መምህርቷ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ አዛውንት ፈታኝ ተቀምጠዋል። ከፊት ወንበሮች ምላሰ ፈጣኗ ተማሪና ጓደኞቿ «ሻለቃን እናበርታ» ብለው ተኮልኩለዋል። ልጁ ግን ከፊት የለችም። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ሆና ግራና ቀኟ ያሉትን ወንበሮች በቦርሳና በሹራብ ይዛለች።

«ክቡ…» ብሎ ጀመረና ተወ። ልጁ ዓይኗን ጨፈነች።

«…ክቡራን ፈታኞች» አለ መሪ፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ሆነለት። ስለ ረድፎቹ ሲናገር እጆቹ መሪ እንደያዙ ሁሉ ይዞሩ ነበር፤ ሰንጠረዦቹን ሲያሳይ ድምፁ እየጋለ፣ ተማሪዎቹም ወደ ፊት እየተሳቡ መጡ። መካከል ላይ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ በጨለማው ማን እንደገባ አላየም።

መብራት በራ። አዛውንቱ ፈታኝ ገጽ ገለጡ፣ መለሱ፣ ገለጡ።

«ሥራው ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንድ የጎረበጠኝ ነገር አለ። ምዕራፍ ሦስት።» የፈለጉትን ገጽ አገኙና በብዕራቸው ጠረጴዛውን ቷ አድርገው ርዕሱን በጎላ ድምፅ አነበቡ። «ቆጠራ!»

ከኋላ ሁለት ወንበሮች ባንድ ጊዜ ሲጢጥ አሉ።

ሁሉም ዞረ። አንድ ጣሪያ የሚነካ ረጅም ሰውና አዲስ ኮት የለበሰ አጭር ሰው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። ረጅሙና ፀጉር አስተካካዩ! ሁለቱም ከተፈቱ ገና ወራቸው ነው።

«ሻለቃ፣ ጦርዎ ደረሰ!» አለች ምላሰ ፈጣኗ፤ ክፍሉ ተንጫጫ።

«ይቅርታ» አለ ፀጉር አስተካካዩ አገጩን ሳያወርድ፣ «ልማድ ሆኖብን ነው።»

«መሪ፣ በርታ!» አለ ረጅሙ።

«መሪ ደግሞ ማነው?» አለች ተማሪዋ።

አዛውንቱ እጃቸውን አነሱ፤ ጸጥ ተባለ። «እኔ ጥያቄዬን አልረሳሁም። ሰው በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ ተሰልፎ የሚቆጠርበት ይህ ‹አንድ ተቋም› የት ነው? ‹ልዩ ቀን› የተባለውስ? ይህን ሳላውቅ ልፈርም አልችልም።»

መሪ መምህርቷን አየ፤ እሷ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራለች። ልጁን አየ። በሁለቱ በቆሙት ሰዎች መካከል፣ ወንበር ይዛ በጠበቀቻቸው ሰዎች መካከል ተቀምጣ ነበር፤ እነሱን የጠራቸው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ልጁ አባቷን ዓይን ለዓይን እያየች ቀስ ብላ ተነሳች። እግሮቿን ገጠመች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። አገጯን ቀና አደረገች፤ ከንፈሯ ብቻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ማረሚያ ቤት ነው፣ ጌታዬ» አለ መሪ።

ከዚያ ወደ ተማሪዎቹም ዞር አለ።

«ከባድ መኪና ስነዳ ሰው ገድዬ ታስሬያለሁ። ይህን ትምህርት የጀመርኩት እዚያ ነው፤ አማካሪዬም እዚያ ነው ያስተማሩኝ። እነዚህ የቆሙት የዚያ ክፍል ጓደኞቼ ናቸው። ሻለቃ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ልዩ ቀን ያልኩት…» ወደ ልጁ ተመለከተ። «ልዩ ቀን ያልኩት የጥየቃ ቀን ነው። በሌላው ቀን ሰው ቀጥ ብሎ ይቆጠራል። ቤተሰብ በሚመጣበት ቀን ግን ማንም ቀጥ ብሎ አይቆምም። የፊተኛው ጎንበስ ይላል፣ የኋለኛው በእግሩ ጣቶች ይቆማል፣ ሁሉም አንገቱን ወደ በሩ ያሰግጋል። አምስቱ አንዴ አራት አንዴ ስድስት ይመስላሉ። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ቆጠራ አበላሽቻለሁ፤ ያቺ ልጅ ስለምትመጣ።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉ። መልሰው ሲያደርጉት ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት ነበር።

«እንዲህ ያለ ማብራሪያ በእጅህ ይዘህ ነው ‹ልዩ ቀናት› ብለህ የዘለልከው? የጽሑፍህ እንብርት እኮ ይኸው ነው! የመረጃህ ምንጭ፣ የስህተቱ መንስኤ፣ ሁሉም ይጻፍ። ያለዚያ አልፈርምም።»

«እጽፈዋለሁ» አለ መሪ። «በዝርዝር እጽፈዋለሁ!»

«እኛስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ። «ቆጠራው ልክ መጣ?»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ልክ ነው፤ ተቀመጡ!»

ፈታኞቹ ሲመክሩ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። መሪ ልጁን እጇን ያዛት። «ጓደኞችሽ ሲጠይቁሽ ወሬ ስትቀይሪ ሰምቼ እኮ…»

«አንተ ታፍራለህ ብዬ ነዋ! ሻለቃ ሲሉህ ዝም ስትል ሳይ፣ እኔ ምን ብዬ ላጋልጥህ?»

«እኔ ደግሞ አንቺ ታፍሪያለሽ ብዬ…»

«ሁለት ሞኞች» አለ ረጅሙ ከላይ ቁልቁል እያያቸው።

ፀጉር አስተካካዩ የመሪን ኮሌታ እያቃና ሳለ ምላሰ ፈጣኗ ተማሪ ቀረበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጥሯት ነበር። «ሻለቃ… ማለቴ…»

«መሪ በይኝ።»

«እኔ እኮ ለእናቴ ሻለቃ አብሮኝ ይማራል ብዬ ስኩራራ ነበር። አሁን ምን ልበላት?»

«ማዕረጉ ተገፈፈ በያት።»

ተማሪዋ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ረጅሙን በክርኗ ነካ አድርጋ «ያንን የነጥቦቹን መስመር በእጅ ነበር የምታወጡት? በእጅ? እንዴት አድርጋችሁ?» ማለት ጀመረች፤ ረጅሙም ግድግዳው ላይ በጣቱ ያስረዳት ገባ።

በሩ ተከፈተ። ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ፤ መሪ ከፊት፣ ልጁ ከጀርባው። ኃላፊው ወረቀት ይዘው ተነሱ።

«ውጤት የሚነበበው ተፈታኙ ቆሞ ነው። ተፈታኙ ይቁም።»

መሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። አንድ ጊዜ፣ ሲፈረድበት፣ ከዚህ ጠረጴዛ ጋር በሚመሳሰል ጠረጴዛ ፊት፣ ሰምቶታል። ልነሳ አለ፤ አቃተው። ወንበሩን ተመርኩዞ ሞከረ፤ እግሮቹ የሌላ ሰው ሆኑ። ኃላፊው ጠበቁ። መምህርቷ ከመቀመጫዋ ከፍ አለች። ከኋላው ሞቅ ያለ ትንፋሽ ጆሮው ላይ መጣ።

«ቆጠራ!» አለች ልጁ።

ተፈናጥሮ ተነሳ። ከኋላም ሁለት ወንበሮች ሲጢጥ አሉ።

«የመመረቂያ ጽሑፉ» አሉ ኃላፊው ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «በታዘዘው መሠረት ተስተካክሎ እንዲገባ ሆኖ፣ ‹እጅግ በጣም ጥሩ› በሚል ውጤት አልፏል። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ትምህርት ክፍል ተመራቂ ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ተማሪዎቹ ይጮኻሉ፣ መምህርቷ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች፣ አዛውንቱ በብዕራቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ። መሪ ግን እጆቹ ከኋላው እንደተጣመሩ፣ አገጩ ቀና እንዳለ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ቆሞ ቀረ። ኃላፊው «መቀመጥ ይችላሉ» አሉት፤ አልሰማም።

ልጁ ከኋላ መጥታ የተጣመሩትን እጆቹን ያዘች።

«ልክ ነው፣ አባዬ» አለችው። «ልክ ነው።»

ያኔ እጆቹን ፈታ።